ዜሮ ፍጆታ ዜሮ ፍላጎት አይደለም፦ የውሳኔ አጋዥ ሶፍትዌር በመድኃኒት መጋዘን



የውሳኔ አጋዥ ሶፍትዌር በክምችት አስተዳደር ያለውን ሚና ለመመርመር ከእኛ የራቀ ምሳሌ አያሻንም። በሀገራችን በብዙ ጤና ተቋማት የመድኃኒት ክምችት የሚመዘገብበት ሶፍትዌር «ዳጉ» ይባላል። ስሙ የጎረቤቶቻችን የአፋሮች ነው፤ መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳያዛቡ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ዳጉ ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚነገረው ወሬ እውነት ነውን?

የስሌቱ መሠረት ቀላል ነው። ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይሞላሉ። ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ፍጆታ ነው፤ የ2 ሳምንት ብቻ ሲቀር አስቸኳይ ጥያቄ ይቀርባል። የትእዛዙ መጠን የሚገኘው ከ4 ወር ፍጆታ ላይ በእጅ ያለው ሲቀነስ ነው።

ችግሩ ያለው «ፍጆታ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በ60 ቀን 600 ፓኬት አሞክሲሲሊን አውጥቶ መደርደሪያው ባዶ ቀረ እንበል። ከ60ው ቀን ግን በ20ው መድኃኒቱ አልነበረም። የወጣውን ብቻ የቆጠረ ሰው 1,200 ፓኬት ያዛል። መድኃኒቱ በነበረባቸው 40 ቀናት ያሰላ ግን የሁለት ወሩ ፍላጎት 900፣ ትእዛዙም 1,800 መሆኑን ይደርስበታል። በመካከል ያለው 600 ፓኬት የ40 ቀን ሕክምና ነው። ስሕተቱም በዚያ አይቆምም፤ ያነሰው ትእዛዝ ቶሎ ያልቃል፣ የሚቀጥለው ሪፖርትም እንደገና ያነሰ ፍጆታ ያሳያል።

የሰኞ ገበያ ነጋዴ ሸቀጡ አልቆበት ገዢ የመለሰ ዕለት «ዛሬ ፈላጊ አልነበረም» አይልም። ሶፍትዌር ግን ካልነገሩት እንዲሁ ይላል።

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። የተዘረፈ መድኃኒት በኪሳራ ካልተመዘገበ ስሌቱ እንደ ፍጆታ ይቆጥረዋል፤ ተቋሙ የተዘጋበት ወር ደግሞ ፍላጎት የሌለበት ይመስላል። አንዱ ቁጥሩን ያለ ልክ ያሳብጣል፣ ሌላው ያከሳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። መድኃኒት ያልነበረባቸው ቀናት ሳይሞሉ ሪፖርቱ አይለፍ፤ ኪሳራ ከፍጆታ ተለይቶ ይመዝገብ፤ ፋርማሲስቱ የሶፍትዌሩን ምክር የሚለውጥበት ሥልጣን ይኑረው፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ ያስቀምጥ። ሶፍትዌር ያሰላል፤ በመስኮቱ ባዶ እጁን የተመለሰውን ሕመምተኛ ያየው ግን ሰው ነው።