የአመጋገብ ሕመምና የሪፈሩ መንገድ

(በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በእንግሊዝ አገር ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቪዛ ዕድሳትና ስለ ስኮላርሺፕ በዚሁ መድረክ ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ግን በአማርኛችን የታወቀ ስም እንኳ የሌለው ሕመም ነው። ስም የሌለውን ነገር ደግሞ አይቶ እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ ይቀላል። ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ያስገደደን፣ ከመካከላችን አንዲት እኅታችን ወደ ልዩ ክሊኒክ እስክትገባ ድረስ የፈጀባት ጊዜ ነው። ስምዋንም ሆነ የታከመችበትን ቦታ አንጠቅስም፤ ጉዳዩን እንድንናገር ግን ፈቅዳልናለች። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንናገራለን።

ሕመሙ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሰውነት እየከሳ ሳለ ምግብንና ውፍረትን የሚያስፈራው አኖሬክሲያ ነርቮዛ ይባላል። በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ አስበልቶ፣ ከዚያም በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ እንዲያካክሱ የሚያስገድደው ቡሊሚያ ነርቮዛ ነው፤ ይኸኛው በስሙ የታወቀው ጄራልድ ራስል የተባለው የለንደን ሐኪም በ1979 ከጻፈበት ወዲህ ነው። ከልክ በላይ መብላቱ ኖሮ ማካካሱ የሌለበት ሦስተኛው፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የገባው በ2013 ነው። «የዘመኑ ልጆች ፋሽን ነው» የሚል ወንድም ቢኖር፣ አኖሬክሲያን ዊልያም ጋል በለንደን፣ ሻርል ላሴግ በፓሪስ በ1873 እንደ ገለጹት ይወቅልን። የሴቶች ብቻ ነው የሚልም ቢኖር፣ ወንዶችም ይታመማሉ፤ ወንድ ሲሆን ግን ሐኪሙም ጓደኛውም ቶሎ አይጠረጥርም።

«ብላ ቢሉት ይበላል፤ እምቢ የሚለው በግትርነት ነው» ለሚለው አስተሳሰብ መልስ የሚሆን አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለው ተመራማሪ የረኀብን ውጤት በ36 ጤናማ ወጣት ወንዶች ላይ መረመረ። ሰዎቹ «በጦርነት መግደልን ሕሊናችን አይፈቅድም» በማለት በውትድርና ፈንታ ለዚህ ሥራ በፈቃዳቸው የቀረቡ ነበሩ። ለ24 ሳምንት ምግባቸው ተቀንሶ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ሲጐድል፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ ስለ ምግብ አሠራር የሚናገሩ መጻሕፍትን መሰብሰብ የጀመሩም ነበሩ፤ ይነጫነጩ፣ ከሰው ይርቁ፣ ትኩረትም ያጡ ጀመር። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላ እንኳ ወደ ቀድሞው ሁኔታቸው ለመመለስ ወራት ፈጀባቸው። እነዚህ ሰዎች ሲጀምሩ ጤነኞች ነበሩ። ረኀብ ራሱ አእምሮን ይለውጣል ማለት ነው። ስለዚህ የታመመውን ሰው «መጀመሪያ ፈቃደኝነትህን አሳይ፤ ከዚያ እናክምሃለን» ማለት፣ እግሩ የተሰበረውን ሰው «ወደ ሐኪም ቤት ሮጠህ ና» እንደ ማለት ይቈጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። በዚህ አገር ወደ ልዩ ክሊኒክ የሚያስገባው በር በአብዛኛው የሰፈሩ ሐኪም፣ ጂፒ የሚሉት ነው። እርሱ አይቶ ሪፈር ይጽፋል፤ ልዩ ክሊኒኩም ወረቀቱን መርምሮ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። በሽተኛው ራሱ ቢያመለክት የሚቀበሉ ክሊኒኮችም ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል። ናይስ የተባለው የአገሩ የሕክምና መመሪያ አውጪ መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ የአመጋገብ ሕመም የተጠረጠረበት ሰው ወዲያውኑ ወደ ልዩ አገልግሎት ይላክ ይላል። ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ቁጥር ወይም የሕመሙ ዕድሜ ብቻውን ሕክምና ለመስጠትና ለመንሣት መመዘኛ እንዳይሆንም ያስጠነቅቃል። ቃሉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ለእኅታችን በሁለተኛው ቀጠሮዋ የተሰጣት መልስ «ክብደትሽ ገና ብዙ አልወረደም፤ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰሽ ነይ» የሚል ነበር። ይህን የሰማ በሽተኛ ምን እንደሚያደርግ አስቡት! ሕመሙ ሌት ተቀን «ገና አልከሳሽም» እያለ ሲነዘንዛት ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ሐኪሙ ምስክር ሆኖ ቆመለት። እርስዋም ሦስቱን ወር የተጠቀመችበት «በቂ» ለመሆን ነበር።

ሐኪሙን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። ቀጠሮው ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ በሕክምና ትምህርት ቤት ስለዚህ ሕመም የሚሰጠው ትምህርትም ጥቂት መሆኑ በይፋ ተነግሯል። ከዚህም በላይ በ2015 ለልጆችና ለታዳጊዎች አስቸኳይ ሲሆን በ1 ሳምንት፣ አስቸኳይ ካልሆነ በ4 ሳምንት ሕክምና ይጀመር የሚል የጊዜ ገደብ ሲወጣ፣ ለአዋቂዎች እንዲህ ያለ ገደብ አልወጣም። ዕድሜ ሲጨምር ሕመሙ የሚቀልል ይመስል! በእኛ ዕድሜ ላሉት ጥቂት ተስፋ የሚሰጠው በ2014 በለንደን የተጀመረው ፍሪድ የተባለው አሠራር ነው። ዕድሜው ከ16 እስከ 25 የሆነ፣ ሕመሙም ሦስት ዓመት ያልሞላው ሰው ሪፈሩ በደረሰ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲደወልለት፣ በ2 ሳምንት እንዲመረመር፣ በ4 ሳምንት ሕክምና እንዲጀምር ግብ አድርጎ ይሠራል። አሠራሩ ወደ ሌሎችም ከተሞች ተስፋፍቷልና፣ ሪፈሩ ሲጻፍ በስሙ መጠየቅ ነው።

ሪፈር የማይጠበቅበትም ጊዜ አለ። የአእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪሙ ከክብደቱ ሌላ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ በደም ውስጥ ያለውን የፖታሲየም መጠንና የጡንቻን ጉልበት እንዲመረምር ያዛል። ቁጢጥ ብሎ እጁን ሳይደገፍ መነሣት ያቃተው፣ ራሱን የሚስት፣ ልቡ ያለ ሥርዓት የሚመታ ጓደኛ ቢያጋጥመን በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ነው እንጂ የክሊኒኩን ደብዳቤ መጠበቅ አይደለም። የደም ምርመራው ደኅና ሆኖ መገኘቱም አደጋ የለም ማለት አይደለም። ደግሞም በቅን ልቡና የሚፈጸም አንድ አደገኛ ነገር አለ፤ ለብዙ ቀን ያልበላውን ሰው በአንድ ጊዜ ማጥገብ። ሰውነት በረኀብ ከቈየ በኋላ ምግብ በብዛት ሲገባ፣ ኢንሱሊን ፎስፌት የተባለውን ንጥረ ነገር ከደም ወደ ሕዋሳት ያስገባዋል፤ በደም ውስጥ ያለውም ሲያንስ ልብና መተንፈሻ ይደክማሉ። ሆስፒታሉ ምግቡን በልክ እየጨመረ፣ ደሙን እየመረመረ የሚሰጠው ስለዚህ ነው።

ክሊኒኩ ከተቀበለ በኋላ ያለው ሕክምና በአብዛኛው ከቤት እየተመላለሱ የሚከታተሉት የንግግር ሕክምና ነው። አኖሬክሲያ ላለበት አዋቂ ከሚቀርቡት አንዱ በ40 ሳምንት እስከ 40 ጊዜ የሚደረግ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው። ለቡሊሚያ መጀመሪያ በባለሙያ እየተረዱ በመጽሐፍ ራስን ማከም ይሞከራል፤ ካልበቃ እስከ 20 ጊዜ የሚሆን ሕክምና ይከተላል። መድኃኒት ብቻውን ለአኖሬክሲያ አይሰጥም። ሕይወትን የሚያሰጋ ሲሆን ሆስፒታል መተኛት አለ፤ በ1983 በወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ መሠረትም ያለ ፈቃድ ማከም ይቻላል። አዋቂ በመሆናችን ግን ሐኪሙ ያለ ፈቃዳችን ለወላጆቻችን አይጽፍም፤ በዚህ ምክንያት ብዙዎቻችን ስለምንፈራ ይህ ይታወቅልን።

ከሁሉ የሚያሳስበን አንድ ቦታ አለ፤ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው መዛወር። የፓርላማና የጤና ጉዳይ እንባ ጠባቂ በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ዩኒቨርሲቲ በገባች በጥቂት ወር ውስጥ በ2012 በአኖሬክሲያ የሞተች የ19 ዓመት ተማሪን ጉዳይ መርምሮ፣ ሞቷ ሊቀር ይችል እንደ ነበረ ደምድሟል። ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው ስትተላለፍ ክትትሉ ላላ። እኛም በያመቱ መስከረም ላይ ሻንጣችንን ይዘን የምንዛወር፣ በአዲሱ ከተማ ሐኪም ዘንድ መመዝገብን እስክንታመም የምናቈይ ሰዎች ነን።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጓዳ እንይ። የኛ ሰው ጾመኛ ነው፤ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ፈረንጁ ሐኪም ጾምን ሁሉ ሕመም እንዳያደርገው እንሰጋለን፤ ሕመሙ በጾም ስም እንዳይደበቅም መስጋት ይኖርብናል። እኅታችን ሁዳዴን ስትጾም ማንም አልደነቀውም፤ ሁሉም ይጾም ነበርና። ያስጠረጠረው የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጡ ቀርቦ ሰው ሁሉ ሲፈስክ እርስዋ ሳሕኗን ይዛ ወደ ማድቤት መሄዷ ነው። የንስሐ አባቷ ኋላ በስልክ «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ጾም አይታዘዝም» ብለው ሲፈቱላት፣ ከሐኪሙ ምክር ያላነሰ ረድቷታል። ሰላምታችንም ሌላ ጣጣ ነው፤ «ወፈርሽ»፣ «ከሳህ»፣ «ምነው ጠቈርሽ»። አገር ቤት ፍቅር ነው፤ ይህ ሕመም ላለበት ሰው ግን አንዲቱ ቃል ለሳምንት ታስርበዋለች። የግድ የሚጐረስ ጉርሻም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመስከረም የሚመጣ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት በሚኖርበት ከተማ ጂፒ ዘንድ እንዲመዘገብ ማኅበሩ ይርዳ፤ ሕመም ያለበትም የቀድሞው ሐኪሙ ለአዲሱ እንዲጽፍ ከመዛወሩ በፊት ይጠይቅ። ወደ ቀጠሮ የሚሸኙ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ፈቃደኞች ይመረጡ። ሥራቸው አብሮ መቀመጥና የተባለውን መጻፍ ነው፤ ማስተርጐም አይደለም፤ አስተርጓሚ ሐኪም ቤቱ ያለ ክፍያ ያቀርባል፣ የኛ ሰው ምስጢር ደግሞ በኛ ሰው አፍ ባይዞር ይሻላል። ሸኚዎቹ የ2017ቱን መመሪያ ይዘው ይሂዱ፤ ሪፈር ሲከለከልም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቁ። የእኅታችን ሪፈር በመጨረሻ የተጻፈው ሁለት ሆነን ገብተን ይህንኑ በጠየቅን ዕለት ነው። አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ ትመላለሳለች፤ ትምህርቷንም ቀጥላለች።

ከሻይ በፊት በእጅ ማውጣት ይወሰንልን። ፈቃደኞች ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ፤ በዝርዝሩ ላይ እስካሁን የሴት ስም እንጂ የወንድ ስም አልተጻፈም።