ድንጋይ ሠሪውን ኮራል በቤት ውስጥ ስለ ማሳደግ



የዛሬው ንግግራችን ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚሆን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሕያው ፍጥረት ነፍስና የቤተ ሰብ ገንዘብ ያለበት ስለ ሆነ በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። ይኸውም ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳ በመስተዋት ገንዳ አኑሮ ስለ ማሳደግ ነው።

ኮራል ብዙ ሰው እንደሚያስበው ድንጋይ አይደለም፤ አበባም አይደለም፤ እንስሳ ነው። አፍ አለው፤ በአፉም ዙሪያ ምግቡን የሚይዝባቸው ቀጫጭን ክንዶች አሉት። ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰደ ከበታቹ የኖራ ድንጋይ ስለሚሠራ ድንጋይ ሠሪ ይባላል። በሥጋውም ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነርሱ በብርሃን ኀይል ምግብ እያዘጋጁ ያካፍሉታል፤ እርሱም በፈንታው መጠለያ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ሁለቱንም ፍጥረቶች አብሮ የሚያሳድግ መሆኑን ማወቅ አለበት።

የዚህን ትንሽ እንስሳ ሥራ ለመመልከት ከአገራችን መውጣት አያስፈልግም። ከ120,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደ ዳናክል ረባዳ ምድር ገብቶ በነበረበት ዘመን ኮራሎች የሠሩት ድንጋይ፤ ባሕሩ ከደረቀ በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ በአፋር ምድር ላይ ይታያል። ዛሬ በኤርትራ የምትገኘው የምጽዋ ከተማ አሮጌ ቤቶችም ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘጋጀው ውሃው ነው። የወጥ ጨው በውሃ ማሟሟት የባሕር ውሃ አያደርገውም፤ የባሕር ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሌሎችም ብዙ ንጥረ ነገሮች ያሉበት ስለ ሆነ፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው መጠቀም ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንና ሌላም ነገር ስለሚኖርበት በማጣሪያ የተጣራ ውሃ ይሻላል። የጨውነቱ ልክ በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ያህል፤ ሙቀቱም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ያለ ውሃ ማሞቂያና ያለ ቴርሞሜትር ሥራው አይጀመርም።

ገንዳው በተሞላ ማግስት ኮራል መግዛት ገንዘብን መጣል ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ አሞኒያ የተባለው መርዝ ይፈጠራል፤ ይህን መርዝ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ለኮራል ግን ከዚህም አልፎ ሁለት ሦስት ወር መታገሥ ይበጃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ሥራ የሚሆን ምክር ትተውልናል።

ምርጫውን በሚመለከት፤ ለጀማሪ የሚስማሙት ሥጋቸው ወፍራም፤ ክንዳቸው ረዘም ያለ ዓይነቶች ናቸው። ካውላስትሬያ የተባለው፤ መለከት የሚመስለው ኮራል፤ ዳንካን የተባለው ኮራል፤ እንዲሁም ከዩፊሊያ ወገን የክንዱ ጫፍ መዶሻ የሚመስለው በመካከለኛ ብርሃንና በዝግታ በሚንቀሳቀስ ውሃ ይኖራሉ። አክሮፖራ የተባለው ባለ ቅርንጫፍ ኮራል ግን ውበቱ ቢማርክም ብርቱ ብርሃንና ፈጽሞ የማይናወጥ ውሃ ስለሚፈልግ ለጀማሪ አይመከርም።

ከመግዛታችሁ በፊት ኮራሉን በደንብ ተመልከቱ። ሥጋው እስከ ድንጋዩ ጠርዝ ድረስ የሸፈነው መሆን አለበት። ነጭ ድንጋይ ተራቁቶ የሚታይበት፤ ቡናማ ዝልግልግ ነገር የያዘው፤ ወይም አፉን ከፍቶ የቀረ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ተዉት። ቤትም ካደረሳችሁት በኋላ ወዲያው በብርቱ ብርሃን ሥር አታስቀምጡት፤ ከገንዳው ታችኛ ክፍል ጀምራችሁ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያላችሁ አለማምዱት። ኮራሎች እርስ በርሳቸው ይዋጋሉና፤ በተለይም ዩፊሊያ በሌሊት ረጃጅም ክንዶች ዘርግቶ ጎረቤቱን ስለሚያቃጥል፤ በመካከላቸው 15 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት ይኑር።

ስለ ዕለታዊ እንክብካቤው ሦስት ነገሮችን ብቻ አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ከገንዳው የሚተንነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ስለዚህ የጐደለው በጨው ውሃ ሳይሆን በጨው አልባ ንጹሕ ውሃ ይተካ፤ ያለዚያ ጨውነቱ በየቀኑ እየጨመረ ኮራሉን ይገድለዋል። ከዚህም ጋር በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛ ያህሉን በአዲስ የጨው ውሃ መለወጥ ጥሩ ልማድ ነው።

ሁለተኛ፤ ኮራሉ ድንጋዩን የሚሠራበት ንጥረ ነገር እንዳያልቅ በመለኪያ ይታይ። ካልሲየም በአንድ ሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፤ አልካሊኒቲ የተባለው ልክ ከ8 እስከ 10 የጀርመን ዲግሪ፤ ማግኒዚየም ከ1,250 እስከ 1,350 ሚሊ ግራም ቢሆን መልካም ነው። ነገር ግን ከልኩ ይልቅ ጽናቱ ይበልጣል። ጐደለ ብሎ በአንድ ቀን ብዙ የሚጨምር ሰው ሊያድነው ያሰበውን ኮራል ያጠፋዋል። እናንተ በመሥሪያ ቤታችሁ የገቢና የወጪ ደብዳቤ እንደምትመዘግቡ ሁሉ፤ ቀኑንና የተለካውን ቍጥር የምትጽፉበት አንድ ደብተር በገንዳው አጠገብ ይኑር። በሽታው በዓይን ከመታየቱ በፊት ብዙ ጊዜ በመዝገቡ ላይ ይታያል።

ሦስተኛ፤ የመብራት መቋረጥ ነው። ኮራል ለጥቂት ሰዓት ያለ ብርሃን ቢቈይ አይጐዳም፤ የሚጐዳው ውሃው ሳይንቀሳቀስ ሲቀርና ኦክሲጅኑ ሲያልቅ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ውሃውም የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ይልቅ ያነሰ ነው። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገንዳው ሳይሞላ አስቀድሞ መገዛት አለበት።

የቀረው የኅሊና ነገር ነው። የባሕር ውሃ ከልኩ በላይ ሲሞቅ ኮራሎች አልጌዎቻቸውን እያስወጡ ይነጣሉ፤ ሙቀቱ ከቈየም ይሞታሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998፤ በ2010፤ ከ2014 እስከ 2017፤ እንደገናም ከ2023 ጀምሮ ይህ ጥፋት በብዙ ባሕሮች ደርሷል። በዚህ ሁሉ ላይ ከባሕር የተነቀለ ኮራል ገዝቶ በአንድ ወር ውስጥ መግደል የባሕሩን ቍስል ማብዛት ነው። ድንጋይ ሠሪ ኮራሎች፤ ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት፤ ለጥፋት ያሠጉ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ በሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ያሉ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር ወደ አገር ሊተላለፉ አይገባም። እንግዲህ ከሻጩ ዘንድ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ፈቃዱን፤ ደግሞም ኮራሉ በገንዳ ውስጥ ከሌላ ኮራል ተቈርጦ የተራባ መሆኑን። እንዲህ የተራባው በገንዳ ኑሮ የለመደ ስለ ሆነ ለጀማሪም ይበረታል።

ደመወዙ ይህን ሁሉ ዕቃ ለመግዛት የማይበቃው ሰው ሊያዝን አይገባውም፤ የጨው አልባ ውሃ ዓሣዎችን በትንሽ ወጪ አሳድጎ መደሰት ይችላል። መለካትና መመዝገብ፤ መታገሥም የሚወድ ሰው ግን፤ አንድ ራስ ብቻ የነበረው የመለከት ኮራል ለሁለት ሲከፈል፤ ሁለቱም ለአራት ሲሆኑ በቤቱ ተቀምጦ ያያል። ያን ጊዜ አንዱን ቈርጦ ለጎረቤቱ ሊያካፍል ይችላል፤ ጎረቤቱም ከባሕር የተነቀለ መግዛት አያሻውም።