የትምህርት ቤትን ግድግዳና ድምፅ ስለ መጠበቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከሚኒ ሚዲያ ክበብ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)

በዛሬው በዓል በክበባችን ስም ጥቂት ቃል እንዳሰማ ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ፀሐዩ የወይጦ ፀሐይ፣ ዳሱም ጠባብ ስለ ሆነ ነገሬን አላስረዝምም።

በዚህ ግቢ መጀመሪያ የተሠራው፣ ግድግዳው ጭቃ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነው ክፍል፣ በሚመጣው ክረምት ፈርሶ በቦታው የብሎኬት ሕንፃ እንደሚቆም ሰምታችኋል። ተማሪ ተጨናንቆ ለሚቀመጥበት ትምህርት ቤት አዲስ ሕንፃ ደስታ ነው፤ ስለዚህ አይፍረስ ለማለት አልቆምኩም። ነገር ግን ሳይለካ፣ ፎቶግራፍ ሳይነሣ፣ ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው በእጃቸው የመረጉት አባቶችና እናቶች ሳይጠየቁ እንዳይፈርስ እለምናለሁ።

አሮጌ ቤት ምን ይናገራል የሚል ቢኖር፣ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ግቢ ይመልከት። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት ቤት ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ። በወረራው ዘመን የጣልያን እንደራሴ ተቀመጠበት፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚያው ግቢ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደውን እልቂት ሁላችሁም ተምራችኋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በተደረገ ጊዜ ደግሞ መኳንንትና ሚኒስትሮች ታግተው የተገደሉት በዚሁ ቤት በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለትምህርት ሰጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1954 ዓ.ም. ተመረቀበት። በ1955 ዓ.ም. የጥናቱ ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ።

ከቤቱ ፊት ለፊት ጣልያኖች የሠሩት፣ ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ እርከን ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ አንድ ዓመት ይቆጥር ነበር። ከነጻነት በኋላ አላፈረሱትም፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አቆሙበት። ደረጃው ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ያ የትዕቢት አቆጣጠር እንዴት እንዳበቃ በዓይን የሚያሳየን አናገኝም ነበር። እኔ ከሐውልቶች ሁሉ የዚህን ያህል የሚያስቀኝ የለም።

ግድግዳ እንኳ ቢቆይ ድምፅ ግን ቶሎ ይጠፋል። አገራችን ሬዲዮ ማሰማት የጀመረችው በ1927 ዓ.ም. ነው። በ1953ቱ ሙከራ የአመፁ መግለጫ በአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ድምፅ የተሰማው በሬዲዮ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ለመደገፍ ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዘመን ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን በዓል ግጥም ይወዳደሩ ነበር፤ የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። ግጥም በወረቀት ይነበባል፤ ገጣሚው የት ላይ ድምፁን ዝቅ እንዳደረገ፣ አዳራሹ በየትኛው ስንኝ እንዳጨበጨበ ግን ወረቀት አይነግረንም። ዛሬ ጅማንና ሐረማያን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ ሬዲዮ አላቸው፤ በጂንካም ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶልናል። በእነዚህ ጣቢያዎች የሚናገር ተማሪ ሁሉ፣ የዛሬው ዝግጅት ነገ የት ይቀመጣል ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ሩቅ አገር ስለ ሄድኩ ይቅርታ፤ ወደ ኦሞ ልመለስ። ኢቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል ከ1962 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐመር ተቀምጠው በቴፕ ድምፅ ይቀዱ ነበር። ባልዳምቤ የተባሉት የሐመር ሽማግሌ ስለ ሕዝባቸው ኑሮ የተናገሩት ተቀድቶ መጽሐፍ ሆነ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በውጭ አገር ታተመ። ሽማግሌው ያወጉት ቃል እነሆ ከባሕር ማዶ ደረሰ። በጂንካ ኮረብታ ላይ ያለውም የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል የዚህ ዓይነት ሥራ ቤት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚቀርበን የወንዛችን ጉዳይ ነው። በወይጦ ወንዝ ዳር የሚኖሩት ኦንጎታዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ሊቃውንት ከየትኛው የቋንቋ ዘር እንደሚመድቡት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ሕዝቡ ወደ ፀማይኛ ስላለፈ፣ ተመራማሪዎች ሊያጠኑት ሲመጡ የቋንቋው ተናጋሪ በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ስንት ቃል አብሮ እንደሚቀበር አስቡ።

የእኛ ሚኒ ሚዲያ አንድ ማይክሮፎንና ሁለት ድምፅ ማጉያ አለው። የምንቀዳው በስልክና በፍላሽ ነው፤ ቦታ ሲያልቅ የቆየው ይሰረዝና አዲሱ ይገባል። የቀድሞው ቴፕም ቢሆን ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ክሩ ላይ የተለበጠው ይፋቃል፤ ከማግኔት አጠገብ ካስቀመጡትም ድምፁ ይጠፋል። ፍላሽ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይበላሻል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር፣ ሁለተኛው በሌላ ዕቃ፣ ሦስተኛው ከወይጦ ውጭ እንዲቀመጥ ክበባችን አስቧል። በየቅጂው ላይ የተናጋሪው ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ቋንቋው ይጻፋል። ስም ያልተጻፈበት ድምፅ ከዐሥር ዓመት በኋላ የማን እንደ ነበረ የሚያውቀው አይገኝም። ተናጋሪውም ሳይፈቅድ አንቀዳም፤ ይቅር ያለውን እናስቀራለን።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ከእናንተ የምንፈልገው ገንዘብ አይደለም። ጭቃውን ማን አቦካ፣ ቆርቆሮው በምን መኪና መጣ፣ የመጀመሪያው ደወል ከምን ብረት ተሠራ፣ ሴት ልጁን መጀመሪያ ወደዚህ የላከ አባት ጎረቤቱ ምን አለው፤ ይህን ንገሩን። በፀማይኛም፣ በበናኛም፣ በአማርኛም ይሁን፣ አፋችሁን በፈታችሁበት ተናገሩ፤ የሚተረጉሙ ተማሪዎች አሉን። አሮጌ ፎቶግራፍ ያላችሁ ደግሞ በገበያ ቀን ስትመጡ ይዛችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጎራ በሉ፤ ወዲያውኑ አንሥተን ፎቶውን በእጃችሁ እንመልሳለን። ክፍሉን የምንለካው በሚመጣው ሳምንት ከሒሳብ መምህራችን ጋር ነው፤ ሜትር ያለው ተማሪ ይዞ ይምጣ።