ርስትና ፍሬው
ስለ ዘላቂ ልማት ትርጕምና ጥቅም የተሰጠ ንግግር



ዘላቂ ልማት የሚለው ቃል ለጆሮ አዲስ ቢመስልም ምስጢሩ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ሥርዐት ባለርስት የሆነ ሰው መሬቱን አርሶ ፍሬውን ይበላል፤ ርስቱን ግን እንዳሻው ለባዕድ ሊሸጠው አይችልም ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ባለመብት አለና። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. በኖርዌይዋ በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው ዓለም አቀፍ ኮሚሲዮን የሰጠው ትርጕምም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ይኸውም የዛሬው ትውልድ የሚያስፈልገውን ሲያገኝ፥ የሚመጣው ትውልድ የሚያስፈልገውን የሚያገኝበትን መንገድ እንዳይዘጋበት ነው።

ርስት ሲበላ ምን እንደሚመስል ለማየት የዮርዳኖስን ወንዝ መመልከት ይበቃል። ለጥምቀት በዓል ወደዚያ የሚወርድ ተሳላሚ ታላቅ ወንዝ አያለሁ ብሎ ሄዶ ጠባብና ድፍርስ ውሃ ያገኛል። ወንዙ ከመጠለፉ አስቀድሞ በያመቱ 1 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ወደ ሙት ባሕር ያፈስ ነበር፤ ዛሬ የሚደርሰው ግን የዚያን ዐሥረኛ እጅ ያህል ቢሆን ነው።

ይህም የሆነው በክፉ ሰዎች ተንኰል አይደለም። የዮርዳኖስ መንግሥት ከ1959 ጀምሮ በሠራው ቦይ የያርሙክን ውሃ ወደ እርሻ መለሰ፤ እስራኤል በ1964 የጥብርያዶስን ባሕር ውሃ በታላቅ ቧንቧ ወደ ደቡብ ወሰደች፤ ሶርያም በያርሙክ ገባሮች ላይ ግድቦች ሠራች። እያንዳንዱ የወሰደው ለሕዝቡ እንጀራና መጠጥ ነው፤ ምድረ በዳውም ለምቶበታል። ነገር ግን ሁሉም የየራሱን ድርሻ ሲቈጥር፥ ለወንዙ ድርሻውን የቈጠረለት አልነበረም።

ከዚህም የተነሣ፥ የማዕድን ፋብሪካዎች የሚቀዱትም ተጨምሮበት፥ የሙት ባሕር ውሃ በያመቱ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ዳርቻው እየተደረመሰ በሺህ የሚቈጠሩ ጕድጓዶች ተከፍተዋል፤ መንገዱና የተምሩ ተክል ሳይቀር ተጐድቷል።

መድኃኒቱ ልማትን መተው አይደለም፤ የሚጠማ ሕዝብ አለና። ከጨው የተለየ የባሕር ውሃና ተጣርቶ ለእርሻ የሚውል ፍሳሽ የወንዙን ሸክም ሊያቀልሉለት እንደሚችሉ ታይቷል። እስራኤልና ዮርዳኖስ በ1994 የሰላም ውላቸው ወንዙን ለማደስ ተባብረው ሊሠሩ ተስማምተዋል፤ በ2013ም ከጥብርያዶስ ባሕር ጥቂት ውሃ ወደ ታችኛው ወንዝ መለቀቅ ጀመረ። ጅማሬው መልካም ነው፤ ወንዙ ካጣው ጋራ ሲመዛዘን ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ተሳላሚ ከዮርዳኖስ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ለልጆቹ በረከት ይሁን ብሎ ወደ አገሩ ይወስዳል። ጠርሙሱ ለልጅ ከታሰበ፥ ልጁ ነገ መጥቶ የሚቀዳበት ወንዝም ሊታሰብለት ይገባል። አገሩም በገባ ጊዜ የመንደሩን ምንጭና የደብሩን ደን በዚሁ ዐይን ይመልከት፤ ፍሬውን ይብላ፥ ርስቱን ግን ለባለመብቱ ያቈይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።