ጸበሉ በጠዋት፣ ክኒኑ ማታ
(በተመራቂዎች የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ቁጥርና ሰንጠረዥ ይዤ ልመጣ አስቤ ነበር። ተውኩት። ባሕር ዳር ስለ ተጋበዝኩበት አንድ የካህናት ጉባኤ ልንገራችሁ። ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ቀን እንግድነት የተሰማኝ ግን የለም።

ጉባኤው በጣና ዙሪያ ካሉ አጥቢያዎች የመጡ ካህናት የተሰበሰቡበት ነበር። ከዘጌ በጀልባ የመጡ አሉ፣ ሌሊት ተነሥተው በእግር የመጡም አሉ። እኔ የተጠራሁት ስለ ጸበልና ስለ መድኃኒት እንዳስረዳ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተቀመጥኩ። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኔ ቁርሴን ጥግብ ብዬ በልቼ መጥቻለሁ፤ እነሱ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። ይህን ያስተዋልኩት መናገር ከጀመርኩ በኋላ ነው። እንዴት እንዳፈርኩ!

ያዘጋጀሁትን ስላይድ ሦስተኛው ላይ ዘጋሁትና ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳቸው።

በተመረቅኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የ19 ዓመት ልጅ አክም ነበር። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ፌኖባርቢታል ጀመርንላትና አራት ወር ሙሉ ሳይጥላት ቆየች። ከዚያ እናቷ «ጸበል ልናስገባት ነው» አሉኝ። ደጅ ላይ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው፣ እኔም ልጅ ነኝ፣ ትዕግሥት የለኝም። «እንግዲያው አንዱን ምረጡ!» አልኳቸው። መረጡ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቡና ስታፈላ ምድጃው ላይ ወደቀች። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጥሎ አመጧት፤ ጣቶቿን ማዳን አልተቻለም። እናቷ አልተቆጡኝም። ቀስ ብለው «ምረጡ ያሉን እርስዎ አይደሉ?» አሉኝ።

መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ ሊመለስ እንደሚችል የማውቀው እኔ ነበርኩ። እነሱ አያውቁም። እኔ ደግሞ የነገርኳቸው «ምረጡ» የሚለውን ብቻ ነው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ አረጋዊ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ያ ክኒን በቀን ስንቴ ነው የሚዋጠው?»

«አንዴ፣ ማታ ሲተኙ።»

«ጸበል ደግሞ በጠዋት፣ እህል ሳይቀመስ ነው። ታዲያ የት ተገናኝተው ነው የተጣሉት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ ሰዓቱን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር።

አንድ ሌላ ቄስ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ መናገራቸውን አስታወሱ። እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ሰምቶታል። ስለሚጥል በሽታ ግን ማን ተናገረ? እኛስ ብንሆን መቼ ጠየቅን?

ሁሉም እንዲህ በቀላሉ አለቀ ብዬ አልዋሻችሁም። የስኳር ነገር ሲነሣ ተከራከርን። ቅዱስ ቁርባን የሚቀበል ሰው 18 ሰዓት ይጾማል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ይህን ያህል ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። አንዱ «ፍትሐ ነገሥቱ ሕመምተኛን አያስገድድም» አሉ። ሌላው ወጣት ቄስ ግን «እኛስ እንፈታዋለን፤ እሱ ነው እንቢ የሚለን። 'ብላ' ስንለው የተገፋ ይመስለዋል» አሉ። ይህን አላውቅም ነበር። ለካ ያ ሰው ለእኔ «በልቻለሁ» ይለኛል፣ ለንስሐ አባቱ «ደህና ነኝ» ይላል፣ መሐል ላይ ብቻውን ይወድቃል። በዚህ ላይ አልተስማማንም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ጸሎት ተደረገ፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሽሮ በላን። ክርክሩ እዚያም ቀጠለ።

እዚህ ቆሜ ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው በደምቢያ፣ በዚያው በጣና ዳር፣ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሠለጠኑት የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች ነበሩ፤ ሥራቸውም ሰዉ ካለበት ሄዶ ነበር። እኛ ግን ሰዉ ወደ ሆስፒታሉ ሲመጣ የሚያምነውን ደጅ ጥሎ እንዲገባ እንጠብቃለን።

መምህሮቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪዎቻችሁ ታሪክ ሲወስዱ አጫሽ መሆኑን፣ ጠጪ መሆኑን ይጠይቃሉ፤ «ጸበል ትጠመቃለህ? ትጾማለህ? በስንት ሰዓት ትበላለህ?» የሚለውንም ይጨምሩበት። ሲጠይቁ ደግሞ ፊታቸውን አያጨፍግጉ። ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚያነበው ፊታቸውን ነው።

ያቺ ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ክኒኗን ማታ ትወስዳለች፣ ቡና የምታፈላው ግን እህቷ ናት። መሪጌታም አልፎ አልፎ ስልክ ይደውሉልኛል። ሰላምታውን ሳይጨርሱ «ዶክተር፣ አንድ ልጅ ልኬልሻለሁ፤ ጸበሉን አላስተውኩትም፤ አንቺም እንዳትቆጪው» ይሉኛል።