ስለ ቤት ውስጥ የእጅ ሥራና ስለ መጀመሪያዋ የጉልበት ዋጋ
(በተማሪዎች ኅብረት የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የኅብረቱ ጸሐፊ «ከሩብ ሰዓት እንዳታልፍ» ብሎ ስለ አስጠነቀቀኝ መግቢያውን ትቼ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። በመኝታ ቤታችን በሁለተኛው ፎቅ ያለው ቧንቧ መንጠባጠብ ከጀመረ እነሆ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ማመልከቻ ተጽፏል፤ ሦስት ፊርማ አርፎበታል፤ መልስ በመጠበቅ ላይ ነን። እስከዚያው ድረስ ሒሳቡን እናስላ። ሃያ የውኃ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፥ በአምስት ቀን ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ማለት ነው። ይህም የሚፈስሰው ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፥ እናቶቻችን በሌሊት ተነሥተው በርሜል በሚሞሉበት ከተማ ነው።

የቧንቧው በሽታ ምንድን ነው ቢባል፥ ጎሚኒ የምንላት ከሳንቲም የማትበልጥ የጎማ ክብ አልቃ ነው። መድኃኒቱም ዋናውን የውኃ መዝጊያ መዝጋት፥ የቧንቧውን ራስ በመፍቻ መፍታት፥ አሮጌዋን አውጥቶ አዲሷን ማግባትና መልሶ ማጥበቅ ነው። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በዚያ ፎቅ የሚኖሩት አብዛኞቹ ግን የምሕንድስና ተማሪዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። (ሣቅ።)

እኔ ነገሩን ስንፍና ብዬ አልጠራውም። የምሕንድስና ጓደኞቻችን እስከ እኩለ ሌሊት ሲያጠኑ አያለሁና ሰነፍ ብላቸው ሐሰት ይሆንብኛል። ነገሩ እፍረት ነው፤ እፍረቱም ከእኛ ጋር የተወለደ ሳይሆን የወረስነው ነው። በአገራችን ማረሻውን የሚቀጠቅጠው «ጠይብ»፥ ቆዳውን የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ሲሰደብ፥ ይባስ ብሎም ቡዳ ነው እየተባለ ከማኅበርና ከጋብቻ ሲገለል ኖሯል። በእርሱ ማረሻ ታርሶ፥ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ የሚበላው ሰው ግን እጁን ታጥቦ ከእነርሱ ጋር አልቀመጥም ይል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ዛሬም በየመንደሩ ይሰማል። የዐፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖልንም እንውሰድ። በ1850ዎቹ መጨረሻ በጋፋት የተሠራውን ያን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ የማያውቅ ተማሪ የለም። ስለ መድፉ ግጥም እንገጥማለን፤ ወናፉን ስለ ነፉት፥ ከሰሉን ስለ ተሸከሙት ሰዎች ግን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም።

በእኛ ዘመን ደግሞ የኮብልስቶን ነገር አለ። በ2000ዎቹ ዓመታት መንገዶቻችን በጥርብ ድንጋይ መነጠፍ ሲጀምሩ ዲግሪ የያዙ ወጣቶችም በሥራው ተሰማሩ። ወዲያውም «ተምሮ ተምሮ ኮብልስቶን» የሚለው ቀልድ በየካፌው ተዛመተ። ለተመረቁበት ሙያ ሥራ አለመገኘቱ በእውነት የሚያስቆጣ ነው፤ ስለ እርሱ መከራከር ይገባል። ቀልዱ ግን የሳቀው በሥራ አጥነቱ አልነበረም፤ በድንጋዩ ነበር። ዛሬ በዚያው ድንጋይ ላይ በክረምት ጫማችን ጭቃ ሳይነካው ተራምደን ወደ ክፍል እንገባለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሥራዬ ልምጣ፤ የዛሬው ርእስ ለሁላችንም ይህን እንድናስታውስ ያዝዛልና። በ2009 ዓ.ም. ክረምት፥ የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት ስጠብቅ፥ በአንድ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ለአንድ ሴራሚክ አንጣፊ የግማሽ ቀን ረዳት ሆንሁ። እንደምታውቁት የኮንዶሚኒየም ቤት ለባለ ዕጣው የሚሰጠው የውስጡ ሥራ ሳያልቅ ነው። ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ፥ ግድግዳው ቀለም ያልነካው ነው። ስለዚህ ቁልፍ በተሰጠ ሰሞን በየደረጃው አሸዋና ሲሚንቶ የሚያወጣ ጉልበት ይፈለጋል። ሊፍት የለም፤ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነበር። ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አሸዋ በከረጢት፥ ፍርስራሽ በባሬላ ማመላለስ ነበር ሥራዬ። ዋጋዬም 40 ብር ነበር።

እናቴ ለጎረቤት የነገረችው ግን «ማጠናከሪያ ትምህርት ይማራል» ብላ ነው። ማታ ማታ ሲሚንቶ የበላውን እጄን ቅባት ትቀባኝና በማግሥቱ ደብተር አስይዛ ትሰድደኛለች። ደብተሩ ለጎረቤት ዐይን ነው። ዳሩ ግን ነገሩ ውሎ አድሮ ሐሰት አልሆነም፤ በእውነትም ማጠናከሪያ ትምህርት ነበረ።

ጋሼ (ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም) ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም። አንድ ቀን የክፍሉን ማዕዘን ለመያዝ ሲነሡ ስኳድራው ጠፋባቸው። እርሳቸውም ሳይደናገጡ በአንደኛው ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር፥ በሁለተኛው 80 ሳንቲ ሜትር ለክተው ምልክት አደረጉ፤ ከምልክት ወደ ምልክት ሜትር ዘርግተው፥ «አንድ መቶ ካልመጣ ቤቱ ጠማማ ነው» አሉኝ። የመጣው 102 ነበር። እኔ የፒታጎረስን ሕግ በደብተሬ ጽፌ፥ ተፈትኜበት፥ አልፌበታለሁ፤ ግድግዳ መጥመሙን የሚያሳይ መሆኑን ያወቅሁት ግን በዚያ ቀን ነው። «ማን አስተማረዎት?» ብላቸው «እኔን ያስተማረኝ ግንበኛ» አሉኝ። የመታጠቢያ ቤት ወለል በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውኃ መውረጃው ማዘንበል እንዳለበት፥ ውኃ ልክ መስተካከልን ብቻ ሳይሆን ማዘንበልንም እንደሚለካ፥ ሸክላው ከመለጠፉ በፊት ውኃ ካልጠጣ የሲሚንቶውን ውኃ መጥጦ በዓመቱ እንደሚላቀቅ የተማርሁት ከእርሳቸው ነው።

ከዚያው ክረምት ሌላም ነገር ተምሬያለሁ። አንድ የቤት ባለቤት ሥራው አልቆ ቁልፉን ከተረከበ በኋላ የሦስት ቀን ዋጋ ሳይከፍል ቀረ። ጋሼ ውል አልነበራቸውም፤ ቃል ብቻ ነበራቸው። የእኔን ድርሻ ከኪሳቸው ሰጡኝ፤ የራሳቸውን ግን አላገኙም። መኪና ያለው፥ የተማረ ሰው ነበር፤ የተማረ መሆኑን የማነሣው ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው።

በዚያ ሥራ የለመድሁት ቋንቋም ይገርመኛል። ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ላሜራ፥ ፌሮ፥ ሊሾ፥ ጀሶ፥ ስኳድራ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጋራዥና አምፑል ደግሞ የፈረንሳይኛ ናቸው። በአንጻሩ መዶሻ፥ ጉጠት፥ ወናፍ፥ መሮ፥ ሞረድ፥ ወስፌ የራሳችን ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ቋንቋችን ለመሣሪያ ስም የሚያንሰው አልነበረም። ነገር ግን ስሞቹን የሚጠሩትን አፎች ከማዕድ አርቀን ስለ ነበር አዲሱ ሥራ ሲመጣ ከአዲስ ስሞች ጋር መጣ። የቋንቋ መምህራኖቻችን ለጥናት ርእስ ሲያጡ ወደ አንድ ጋራዥ ጎራ ቢሉ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም።

እኅቶቻችን «የእጅ ሥራ» ስንል ስለ ወንዶች ብቻ የምንናገር እንዳይመስላቸው አንድ ነገር ልጨምር። በቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣዱን የምትጠግነው ታናሽ እኅቴ ናት። ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይፈጃል። በ220 ቮልት ሲካፈል ከ14 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ስለዚህ ቀጭን ሽቦና የላላ ሶኬት ይግላል፤ ሶኬቱ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። እርሷ በመጀመሪያ ከቆጣሪው አጠገብ ማጥፊያውን ታወርዳለች፤ ቀጥላም ሶኬቱን ነቅላ ምጣዱን ትገለብጥና ከሸክላው ሥር በጀሶ ከተደፈነው ቦይ ውስጥ የተበጠሰውን ሽቦ ፈልጋ ታያይዛለች፤ በአዲስ ጀሶም ትደፍናለች። ጀሶው ሳይደርቅ ማንም እንዲያበራው አትፈቅድም። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ሽቦ የሚጠመጥም ጎረቤት አለን፤ እርሷ «ቤቱን ለእሳት እየዳረው ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ያቺው እኅቴ ወደ ጣራ ወጥታ የቆርቆሮውን ሚስማር ላጥብቅ ስትል ግን «ሴት ልጅ ጣራ ላይ!» ተብላ ወረደች፤ በዚያም ክረምት ሳሎናችን ውስጥ ባልዲ ተደቅኖ ከረመ።

ባለፈው ሳምንት ይህን ሐሳብ ለአንድ ጓደኛዬ ባካፍለው እንዲህ ሲል ተቃወመኝ፤ «ተማሪ ሁሉ ቧንቧውንና ወንበሩን ራሱ ከጠገነ አናጢውና ቧንቧ ሠራተኛው ምን ይብላ?» ጥያቄው መልካም ነው፤ ሰው ወዳድነትም አለበት። ነገር ግን ለጎሚኒ ብሎ ከከተማው ዳር የሚመጣ ሙያተኛ የለም፤ ቢመጣም ለትራንስፖርቱ የማትበቃ ገንዘብ ሰጥተን እንከራከረዋለን። ምጣድ ገልብጦ የሚያውቅ፥ አሸዋ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው የሙያተኛን ዋጋ ሲሰማ «ለዚህች!» አይልም፤ ቢያንስ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀ ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ስንሾም ደመወዝና የሥራ ዋጋ የምንወስነው እኛ መሆናችን ነው። መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ እጅ ያን ዋጋ እንዴት ሊመዝነው ይችላል?

ስለዚህ ዛሬ ለኅብረቱ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እግራቸው የተሰበረ 31 ወንበሮች ተቆልለው ይገኛሉ፤ ትናንት ወርጄ ቆጥሬያቸዋለሁ። አብዛኞቹ ሙጫና ብሎን ብቻ የሚፈልጉ ናቸው፤ ሰባቱ አዲስ እግር ያሻቸዋል። አንድ አናጢ ለሁለት ቅዳሜዎች ይጠራ፤ እርሱ ያስተምረን፤ እኛ እንሥራ። ወንድም ሴትም ይመዝገብ። ለአናጢውም ከኅብረቱ ገንዘብ የሁለት ሙሉ ቀን የሙያ ዋጋ በጽሑፍ ውል፥ ከፊሉ አስቀድሞ ይከፈለው። ይህን የመጨረሻውን ቃል ቃለ ጉባኤ ያዡ እንዳይዘለው አደራ እላለሁ፤ በኮሚቴው ውስጥ «የሻይ ይሰጠው» የሚል ድምፅ ሰምቻለሁና በዚያ ላይ እቃወማለሁ። መጋዝ፥ መሮና ሁለት መዶሻ ከግቢው ጥገና ክፍል ለመዋስ ቃል አግኝቻለሁ፤ የሚጎድለን ሙጫ፥ የአሸዋ ወረቀትና ወደ መቶ የሚጠጋ ብሎን ነው።

የመመዝገቢያው ወረቀት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሐሳቡ አሁን ለድምፅ ይቅረብልኝ።