የላሜራ ማጠፊያን ስለ ማሳደግ



በየወርክሾፓችን ለራሳችን የሠራነውን መሣሪያ በትልቅ መጠን እንድንሠራው ስንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን የቀድሞውን ንድፍ አውጥተን ርዝመቱን እናባዛለን። እኔም ይህንኑ አድርጌአለሁ። 60 ሳንቲ ሜትር የነበረውን የላሜራ ማጠፊያ ወደ 120 ሳሳድግ፣ ወጪ ለመቆጠብ ስል የብረቱን ውፍረት እንደ ነበረ ተውሁት። ላሜራው ጫፍና ጫፉ ሲታጠፍ መካከሉ ለጥ ብሎ ቀረ። ለትእዛዝ የተቆረጠው ሁሉ ተበላሸ፤ ዋጋውንም ከኪሴ ከፈልሁ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሁለት ጫፉ ብቻ የተያዘ ብረት በርዝመቱ ሁሉ እኩል ጭነት ሲያርፍበት፣ ርዝመቱ እጥፍ ከሆነ ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ስፋቱንም ከፍታውንም እጥፍ ብናደርግ ጉብጠቱ ወደ ቀድሞው ልክ ይመለሳል፤ ዳሩ ግን ክብደቱ 8 እጥፍ ያድጋል። ብልኀቱ ያለው ከከፍታው ላይ ነው። ስፋቱን ሳንነካ፣ ኃይሉ በሚያርፍበት አቅጣጫ ያለውን የድፍን ብረት ከፍታ ከሁለት ተኩል እጥፍ ጥቂት ብናስበልጠው ይበቃል፤ ክብደቱም በ5 እጥፍ ገደማ ይወሰናል።

ጋሊሌዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ የትንሽ እንስሳ አጥንት መልኩን ሳይለውጥ ቢያድግ ግዙፉን እንስሳ ሊሸከም እንደማይችል አሳይቷል። የመሣሪያም ነገር እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ንድፍ ለሌላው ስናስተላልፍ ልኩን ብቻ ሳይሆን፣ ልኩ ስለ ምን እንደ ተመረጠና ለስንት ሚሊ ሜትር ላሜራ እንደ ታሰበ ጭምር እንጻፍበት። ወረቀቱ ያልነገረውን ተከታያችን በኪሳራ ይማረዋልና።